የሼህ ዘይኑልአቢዲን የብረት ወይፈን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች በዚያ ሰኔ እኔ በተሳፈርኩበት የጭነት መኪና አልተሳፈሩም። መኪናው ጎማው ፈንድቶ ቆመ፤ ሾፌሩም ጥላ ፈልጎ ተኛ። እኔ ተናድጄ የቀረውን መንገድ በእግሬ ተያያዝኩት። ኮምቦልቻ ልገባ ስል በመንገዱ ዳር ሰው ተሰብስቦ አየሁ። መካከል ላይ አንዲት ትንሽ አዲስ ትራክተር ቆማለች። ከኋላዋ የታሰረው ጋሪ ላይ የእህል ጆንያ፣ የወፍጮ ድንጋይ፣ በዚያም ላይ ስድስት ሰባት ዘመድ አዝማድ ተጭኗል።

ባለቤቱን ወዲያው አወቅኋቸው። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ደሴ ፒያሳ ካለው ሱቄ ጨርቅ የሚገዙ የኮምቦልቻ ገበሬ ናቸው። ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው፤ ሐሳባቸውንም እንዲሁ፣ ቢሳሳቱም። ከትራክተሯ ጎን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አልነዳም ያለው ደግሞ የእህታቸው ልጅ በሺር ነው። ትምህርት ቤት ገብቶ ኋላም ደሴ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ሥራ ተምሯል።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ባለፈው በጋ የከብት በሽታ ገብቶ የሼሁን በሬዎች አንድ ሳያስቀር ፈጅቶባቸዋል። ላሞቻቸውንና በቅሎዎቻቸውን ሸጠው ይህችን ትራክተር ከአንድ ጣሊያን ነጋዴ ገዙ። የጠላት ዕቃ ገዙ ብሎ የሚያማቸው ሰው አልጠፋም፤ ሐሜት ግን መሬት አያርስም። ሐምሌ ሳይገፋ እርሻው ተዘጋጅቶ ጤፍ ካልተዘራ ቤተሰቡ የሚበላው የለም። ትራክተሯ ብትሰበር የሚተካት በሬም ሆነ የሚሸጥ ላም አልቀረም።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሼህ። ምን ገጠማችሁ?" አልኳቸው።

"ወዐለይኩም ሰላም፣ አቶ ቀለሙ። እርስዎን አላህ ነው ያመጣልኝ። ከዚህ ልጅ ጋር ይዳኙኝ። በገዛ መኪናዬ የገዛ ዕቃዬን ብጭን አጥፍቶ ወረደ። ገና አዲስ ናት ይለኛል። አዲስ ከሆነችማ ጉልበቷ ሙሉ ነው። የሚታዘነው ላረጀ ነው እንጂ!"

በሺር ተነሣና አቧራውን አራገፈ። "አጎቴ፣ ደጋግሜ ነግሬዎታለሁ። አዲስ ሞተር ፒስቶኑና ሲሊንደሩ ገና አልተላመዱም። ከመጀመሪያው ቀን ከባድ ሥራ ከተሰጠው ይግልና ብረቱ ተነካክሶ ይቆማል።"

"ፒስቶን የማን ልጅ ነው? እኔ አላውቀውም። ነጋዴው የነገረኝ እንደ አሥር በሬ ትስባለች ብሎ ነው። ሐሙስ ዱዓ ጠርቻለሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል። ያን ዳገት ላይ ያለውን ጠፍ መሬት በፊታቸው ትገለብጠዋለች።"

"ጠፍ መሬቱን ሐሙስ ካረሰች ዓርብ አትነሣም።"

"ብረት ይደክማል እንዴ?"

"ይደክማል እንጂ፣ አጎቴ! ቴርሞሜትሩ፣ ካርቡራተሩ..."

እዚህ ላይ እኔም ተቆጣሁ። ሽማግሌው አልሰማም ማለታቸው አንድ ነገር ነው፤ የተማረው ልጅ ደግሞ ሰው በማያውቀው ቃል እየወገረ አልሰሙኝም ብሎ ያኮርፋል። ይህ የብዙ ተማሪዎቻችን በሽታ ነው።

"በሺር፣ ካርቡራተርህን ተወውና ለአጎትህ የሚታይ ነገር አሳያቸው" አልኩት።

ልጁ ትንሽ አፍሮ ከሞተሩ ጎን ረጅም የዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዘ። ጫፉ ላይ ያለውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ጠረገና ወደ ፀሐይ ዘረጋው። ሼሁ ቀረብ ብለው በጣታቸው አሹት። በዘይቱ ውስጥ የደቀቀ ነገር ያብለጨልጫል።

"ብረት ነው!" አሉ። "ያ ነጋዴ የተበላሸ ሸጠልኝ ማለት ነው?"

"አልተበላሸችም። አዲስ ብረት ከብረት ጋር እስኪላመድ እንዲህ ይፋቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀላል ሥራ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ይህ ዘይት ተደፍቶ ንጹሕ ይሞላል፣ የላላው ብሎን ሁሉ ይጠብቃል። ዘይቱ ካልተደፋ ፍቅፋቂው መልሶ ሞተሩን ይበላዋል።"

"ገና ያልቆሸሸ ዘይት መሬት ላይ ልድፋ? ማባከን እኮ አላህ ዘንድ ያስጠይቃል።"

"ትራክተሯን ማጥፋቱስ አያስጠይቅም?"

ሼሁ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጋሪው ላይ ያሉት ሰዎች ግን አሁንም አልወረዱም። እኔም ፀሐዩ አናቴን እየበላኝ፣ ጉዳዬ እየቀረብኝ፣ ሌላ መንገድ ሞከርኩ።

"ሼህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እስከ ቢስቲማ ድረስ ወይፈን በመግራት የሚታወቁ ሰው ነዎት። ወይፈን እንዴት ነው የሚገራው?"

ፊታቸው ወዲያው ፈታ አለ። "እሱማ ጥበብ ነው። መጀመሪያ ቀንበሩን ብቻ ጭነህለት በግቢ ታንሸራሽረዋለህ። ቀጥሎ ካረጀ በሬ ጋር ትጠምደውና የለሰለሰ መሬት ላይ አንድ ሁለት ትልም ታስይዘዋለህ። ሳይደክም ትፈታዋለህ። ማታ አንገቱን ትዳብሳለህ፣ ቁስል እንዳለው ታያለህ። እንዲህ ያለ ወይፈን ኋላ ድንጋይ ይገለብጥልሃል።"

"በመጀመሪያው ቀን ጠፍ መሬት ላይ የጠመደውስ?"

"እሱ ሰው አይደለም! የወይፈኑ አንገት ይላጣል፣ ትልም ላይ መተኛት ይለምዳል። አንዴ መተኛት የለመደ በሬ ደግሞ ለሥጋ እንጂ ለእርሻ..."

እዚያ ላይ አቋረጡ። ትራክተሯን አዩ፣ ጋሪውን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ገባኝ፤ ነገር ግን ሰው ጠርቻለሁ" አሉ። "የጓሮ አፈር ስጭር ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?"

ሙግቱ ሁሉ ለካ በዚህ ምክንያት ነበር። ስለ ብረት አልነበረም፣ ስለ ዘይትም አልነበረም። ይሉኝታ ነው። በአገራችን ስንቱ ጎጆ በይሉኝታ እንደተራቆተ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እስካሁን ጋሪው ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠው የነበሩት የሼሁ ባለቤት ወይዘሮ መዲና ናቸው ቀድመው የወረዱት። "የሰው አፍ ሐሙስ ውሎ ያልፋል" አሉ። "ልጆቹ ግን ዓመቱን ሙሉ ምን እንብላ ይሉኛል። ላሞቼን የሸጥኩት ጎረቤት እንዲያጨበጭብልኝ አይደለም።" የወፍጮውን ድንጋይ በእጃቸው መታ መታ አድርገውም፣ "ይህን አውርዱ" አሉ።

ዘመድ አዝማዱ እያጉረመረመ ወረደ። የወፍጮውን ድንጋይ ሼሁ ራሳቸው አንከባለው አወረዱ።

ሐሙስ ዱዓው ላይ እኔም ተገኘሁ። ሕዝቡ ፊቱን ወደ ዳገቱ አድርጎ ተቀምጧል። በሺር ግን ትራክተሯን ወደ ጓሮው ነዳትና የለሰለሰውን አፈር በቀስታ ማረስ ጀመረ። መጀመሪያ ጉምጉምታ፣ ቀጥሎ ሣቅ ሆነ። የጎረቤት ገበሬ ፈንታሁን፣ "ሼህ፣ ይህንንማ የእኔ ዶሮዎችም ይጭሩልዎ ነበር" አለ።

የሼሁ ግንባር ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። ተበሳጭተው ዳገቱን እረስ ይሉታል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ተነሥተው ቆሙ። "እናንተ የመጣችሁት ልታዩ ነው" አሉ። "እኔ የገዛኋት ልበላ ነው። ዱዓችሁን አድርጉልኝና የሚሥቅ ይሣቅ።"

ከዚያ ወዲያ ተማሪው ሼህ ከመምህራቸው ከበሺር ባሱ። ጓሮው አልቆ የለሰለሰው ማሳ ሲጀመር ዝናብ አንዣበበ፤ በሺር ሥራው አማረልኝ ብሎ ፍጥነት ጨመረ። ሼሁ በትራቸውን ይዘው ፊቱ ቆሙ። "አጥፋት" አሉት። "ሞቃለች። በዚህ ሰዓት ወይፈን ይፈታል።" ልጁ እኔን ለእርዳታ ቢያየኝ ሣቄን መያዝ አቃተኝ።

ዘይቱም ጊዜው ሲደርስ ተደፋ። ሼሁ የወጣውን በእንስራ ተቀብለው፣ የቤታቸውን ምሰሶ ከምስጥ ለመጠበቅ ቀቡበት። ንጹሑ ዘይት ተሞልቶ ብሎኑ ሁሉ ከጠበቀ በኋላ ትራክተሯ ዳገቱን ወጣች። በሬ ያልደፈረውን ጠፍ መሬት ገለበጠችው፤ ሐምሌ ሳይገፋም ማሳው ሁሉ ለጤፍ ለሰለሰ።

አንባቢ ሆይ፣ አዲስ ዕቃ መግዛት ብቻውን ሥልጣኔ አይደለም። አያያዙን ያልተማረ ሰው ንብረቱን ሽጦ ብረት ይገዛል፣ ብረቱም ደጁ ላይ ዝጎ ይቀራል። በትዕግሥት የጀመረ ግን ጉልበቱን ያተርፋል፣ ዘሩ በወቅቱ ይገባለታል፣ ዕቃውም ለዓመታት ያገለግለዋል። የተማረውም እውቀቱን ሰው በሚገባው ቃል ካልተናገረ አልተማረም።

የሼሁ ጤፍ በተዘራ በማግስቱ፣ እኔም እዚያው ሳለሁ፣ ፈንታሁን መጣ። የእርሱም አንድ በሬ ሞቶበት ሌላው ብቻውን ቀርቷል። ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ፣ "ሼህ፣ የእኔንም ማሳ ብታርስልኝ ብዬ" አለ።

ሼህ ዘይኑልአቢዲን ቀና ብለው አዩት። ያን ሣቅ ያነሡበታል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ነገ በጠዋት ትመጣለች" አሉት። "ግን ከሚለሰልሰው በኩል ነው የምትጀምረው፤ ማንም ቢሥቅ።"