ለስምንተኛው ሺህ የታረደች ላም

ከአምቦ ወደ ጌዶ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ እርጥብ ሰርዶ ጨብጠዋል። አጠገባቸው ያለችው ሴት ጠየቀቻቸው።

«ኦቦ፣ ሣሩ ለማን ነው? ጌዶ በሬ አለዎት እንዴ?»

«ለዕርቅ ነው፣ ልጄ። ሚስቴ ወንድሞቿ ዘንድ ገብታለች። እርጥብ ሣር ይዞ የመጣን ሰው አይመልሱም።»

«በዚህ ዕድሜ? ምን አደረጓት?»

«ላማችንን አረድኩ።»

«የምትታለበዋን?»

«አዎ። ካቺሲ ገበያ አንድ ባሕታዊ ‹ስምንተኛው ሺህ ገብቷል፤ ይቺ ዓለም ሳምንት አትቆይም› አለ። ታዲያ ለማን ላስቀምጣት? ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ አበላሁ።»

«ሰዉስ አመነ?»

«እግዜር የለም የሚለው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሳይቀር መጥቶ ጥሬ ሥጋ ቆረጠ!»

ተሳፋሪው በሳቅ አውካካ፤ ከሁሉ የባስኩት እኔ ነበርኩ።

«ታዲያ ለላም ብላ ቤቷን ጥላ ሄደች?»

«እኔም እንደዚያው አልኳት። ‹ላሟ አይደለችም› አለችኝ። ‹ዓለም ትጠፋለች ብለህ አምነህ፣ የመጨረሻህን ማታ ከጎረቤት ጋር ስትበላ አመሸህ። እኔ ጓዳ ሥጋ ስከትፍ፣ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ እንኳ አላልከኝም።›»

«ያ ዋቃ! እንዲህ አለችዎት?»

«አለችኝ። ይኸው ዓለምም አለች፣ እኔም አለሁ። ዓይኗን የማይበት ፊት ነው ያጣሁት።»

«ሣሩ እኮ ጠውልጓል፣ ኦቦ።»

«አይቼዋለሁ። ይህን ይዤ ደጇ ብቆም ደግሞ ምን ትለኝ ይሆን?»

አውቶቡሱ ጉደር ላይ ሲቆም ከሁሉ ቀድሜ ወርጄ ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሰርዶ ነጨሁ።