ኩፍኙም አብሮ ሲሰበሰብ

በደርግ ጊዜ ቦሌ ሰፈራችን ኩፍኝ ገባ። የተላላፊ በሽታ አጥኚ ነበርኩና፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ጓጉቼ፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ወረቀት ላይ በቀስት አመለከትኩ። ቀስቶቹ ሁሉ የቀበሌው አዳራሽ ላይ ተገናኙ። እናቶች እሁድ እሁድ ልጅ አዝለው በግዳጅ ስብሰባ የሚታጨቁት እዚያ ነው። እየፈራሁ ለሊቀመንበሩ አሳየሁት።

«ስብሰባችን በሽታ ያዛምታል ነው የምትለኝ?» አለ ሽጉጡን እያስተካከለ።

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር! ኩፍኙም አብሮ እየተሰበሰበ ነው እንጂ።»

ቀስቶቹን በጣቱ እስከ አዳራሹ ተከተለና፣ «የኔም ልጅ ያተኩሰዋል» አለ ቀስ ብሎ። በማግስቱ፣ ኩፍኙ እስኪያልፍ ሕፃናት ያሏቸው እናቶች ከስብሰባ እንዲቀሩ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ።

ጎረቤቴ አስካለ ልጇን አዝላ ደጄ ላይ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ኩፍኙ መቼ ነው የሚያልፈው?»

«አይዞሽ፣ ሊያልፍ ነው።»

ፊቷ ጠቆረ። «ውይ ጋሼ! እስቲ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ያራዝሙልን።»