አንዱ ደህና ጥርስ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንዲት የጥርስ ሕክምና ተማሪ ብልቃጥ ታቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያበጠ ጉንጫቸውን በነጠላ የሸፈኑ እናት አሉ።

«ልጄ፣ ምንድነው የያዝሽው?»

«የተነቀለ ጥርስ ነው፣ እማማ። መሰርሰርና መሙላት የምንለማመደው በዚህ ነው።»

«በስመ አብ! የሰው?»

«አዎ፣ ክሊኒክ ለክሊኒክ ዞረን ለምነን ነው። የሚሰጡን ግን ሁሉም የበሰበሰ ነው። ዛሬ ገና አንድ ደህና አገኘሁ።»

«የኔም ደህና ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተነቀለ?»

«ራጁ ተበላሽቷል ብሎ ሐኪሙ በግምት ነቀለው። የታመመው ይኸው ከጎኑ ቀርቶ ያሰቃየኛል።»

«የት ነው የነቀሉዎት?»

«እዚሁ የካ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለው ክሊኒክ።»

ልጅቷ ብልቃጡን ቀስ ብላ በሻርፗ ሸፈነችው።

«ምነው ሸፈንሽው?»

«እኔም ከዚያ ነው ያመጣሁት፣ እማማ።»

«እንግዲህ ከወጣ ወዲያ ምን ይደረጋል፤ ተማሪበት። አንቺ እንኳ ሳታዪ እንዳትነቅዪ።»

«የኛም ትምህርት ቤት ራጅ ከተበላሸ ቆይቷል። የምንማረው መጽሐፍ ላይ ባለ ፎቶ ነው።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ ለረዳቱ ለመንገር ግን ተማሪዋ ጥርሴን እንዳታይ አፌን መክፈት ፈራሁ።