በጋቢ የተጠቀለለው ኮምፒውተር

አቶ ጉልላት ያን ቀን ከገሱባ ሲመጡ ኮምፒውተራቸውን ከነስክሪኑ በጋቢ ጠቅልለው ነበር። ሶዶ መናኸሪያ እንደ ወረዱ የጎረቤታቸው ልጅ መቅደስ አየቻቸው። እሷ ሶዶ ውስጥ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አላት።

«ጋሼ፣ ምን ተሸክመው ነው?»

«ሳህሊቱን» አሏት።

ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው ሳህሊቱ አዋላጅ ነበሩ። ለእናቶች የሚሆን ምክራቸውን እሳቸው ሲናገሩ፣ አቶ ጉልላት በዚህ ኮምፒውተር ጽፈውታል። እሑድ ሙት ዓመታቸው ነው፤ ምክሩ ታትሞ ሊታደል ታስቧል። ማተሚያ ቤቱ ግን በስልክ፣ «በድሮ ፕሮግራም የተጻፈ አይከፈትልንም» ቢላቸው፣ «እንግዲያው ዕቃውን ራሱን አመጣላችኋለሁ!» ብለው ተነሡ። ሰውየው እንዲህ ናቸው።

«ቅጂውን ይስጡኝና ወደ አዲሱ ልቀይርልዎት» አለች መቅደስ።

«ቅጂ የለውም! ቃሏ ከእጄ ከወጣ ይበላሻል።»

«ጋሼ፣ እንሰትዎን ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ተክለው በሽታ ቢገባበትስ?»

«እንሰትና ሳህሊቱን ታወዳድሪያለሽ?» ብለው ተቆጡ። ግን ጋቢውን እንዳቀፉ ወደ ኮፒ ቤቷ ተከተሏት።

ብዙዎቻችን የምንወደውን ነገር መቆለፍ መጠበቅ ይመስለናል።

መቅደስ ጽሑፉን በፍላሽ ቀድታ በራሷ ኮምፒውተር ስትከፍተው፣ ገጹ በላቲን ፊደል ዝብርቅርቁ ወጣ።

«ኧረ ገደልሻት!» ብለው ጮኹ።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ዋናው አልተነካም። ፊደሉ የድሮ ስለሆነ ነው፤ መቀየሪያ አለኝ።»

ጥቂት ነካካችው። የግእዝ ፊደሉ መስመር መስመሩን ያዘ። አቶ ጉልላት እፎይ አሉ።

«አሁን ከዋናው ጋር ያስተያዩልኝ። መቀየሪያውም ይስታል፤ እማማ ያሉትን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ሁለቱን ስክሪን እያስተያዩ አነበቡ። አንድ ቦታ ፊደል ጠፍቶ አገኙ፤ አስተካከለችው። የመጨረሻውን ገጽ እንደ ጨረሱ አሮጌው ኮምፒውተር ጧ አለ፤ ጨለመ። መቅደስ ብትሞክር፣ ብትነካካው፣ ወይ ፍንክች!

ሽማግሌው ጨለማውን ስክሪን፣ ከዚያ አዲሱን ገጽ አዩ። እንባቸው መጣ።

«ለጥቂት! ለጥቂት ሁለተኛ ልቀብራት ነበር። ተባረኪ ልጄ።»

«ስንት ቅጂ ላድርግልዎ?»

«እንደ እንሰቱ አድርጊው። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ላንቺ ይቀመጥ፣ አንዱ ሁምቦ ላለችው ልጄ። ለማተሚያ ቤቱም ላኪው።»

እሑድ ዕለት ምክሩ ታትሞ ታደለ። በስልክም ስለተሰራጨ፣ ቤሌ ከተማ ያለች ነፍሰ ጡር እንኳ ዛሬ የሳህሊቱን ቃል በስልኳ ታነባለች። አሮጌ ዕቃ ቢሞት ቃሉ አብሮት አይሞትም፤ ጊዜ ሳያልፍ የቀየረና ያባዛ ሰው አያለቅስም።

አቶ ጉልላትም ኮምፒውተሩ በጨለመበት ዕለት ወደ ገሱባ ሲመለሱ ፍላሿን ደረት ኪሳቸው ከተው፣ ጋቢውን ራሳቸው ለበሱት።