የመጨረሻዋ ሦስት

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ሁሉ ድግስ ለአንድ አናጢ ስላሰናዳችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የተቀመጣችሁበት ወንበር ግማሹ የእጄ ሥራ ነው፤ ከተነቃነቀ ዝም በሉኝ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናዘዝ አልሄድም። በኮሌጃችን መግቢያ የተሰቀለው የእንጨት ቁጥር ሲመረቅ ጀምሮ ጎዶሎ ነበር። ያጎደልሁት እኔ ነኝ።

ያዘዙኝ የሒሳብ መምህርት ሸጊቱ ነበሩ፦ 73939133።

«ጋሽ ይትባረክ፣ ይኸ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም ያለ ቀሪ አይካፈልም። ከቀኝ አንድ አኃዝ ያንሡለት፤ የቀረውም አይካፈልም። ደግመው ያንሡ፤ አሁንም እንቢ ይላል። ሰባት ብቻዋን እስክትቀር እንዲያው ነው» አሉኝ።

«ብንጨምርበትስ?»

«በቀኙ የፈለጉትን አንድ አኃዝ ቢጨምሩ ይካፈላል። በዓይነቱ ትልቁ ይኸው ነው።»

እሳቸው ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደው በዚያው ቀሩ፤ እኔ አኃዞቹን እንዲነሡ አድርጌ ከዋንዛ መቅረጽ ያዝሁ። ሰባቱን ጨርሼ የመጨረሻዋ 3 ስትቀረኝ የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ሆነ። የዘጌ ጀልባ እንዳያመልጠኝ መጋዜን ጥዬ ሮጥሁ። ከበዓል ስመለስ ሰባቱ ተሰቅለው ተመርቀዋል!

እንግዶቹ ከቀኝ እያነሡ ሞክረውት ኖሯል። 7393913፣ 739391፣ 73939... አልተካፈለም፤ ተጨበጨበ። ማን ይወቅብኝ? ጎዶሎውም እንደ ሙሉው እጅ አይሰጥም፤ ቁጥሩ ራሱ ሸፈነልኝ። ከሥሩ ግን «በዓይነቱ ከዚህ የሚበልጥ የለም» የሚል ተጽፏል። ይበልጣል እንጂ፣ አንዲት 3 ብትጨመርለት።

የምታውቀው ባለቤቴ ሸዋዬ ብቻ ነበረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ያችን ሦስት መቼ ነው የምትሰቅላት?»

«ማን አየ ብለሽ ነው?»

«አንተ አየህ።»

እሰቅላለሁ አልኋት። ሳልሰቅላት ሸዋዬ አረፈች። ከዚያ ወዲህ «ጋሽ ይትባረክ በረታ» ስትሉ እሰማ ነበር። መበርታቱስ እውነት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከቀኜ ማን እንደጎደለ ግን እኔ አውቃለሁ። በየጠዋቱ በዚያ ቁጥር ሥር ሳልፍ ያ ቃሌ ቀና ብዬ እንዳላይ አድርጎኝ ኖሯል።

መምህርት ሸጊቱን ለዛሬው ግብዣ ስጠራቸው ነገሩን በስልክ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ስል ሳቁ። «ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? መጋዝዎን ይሳሉ እንጂ» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ጣና ሞልቶ፣ ቤታችሁ ሞልቶ ያቆያችሁ። የጀመራችሁትን የምትጨርሱበት ዕድሜ አይንሣችሁ፤ እኔንም አልነሣኝምና።

ስትወጡ ቀና በሉ፤ እኔም ቀና ብዬ ነው የምወጣው። ዛሬ ማለዳ መምህርት ሸጊቱ መሰላሉን ይዘውልኝ ወጣሁ። ስሟን በልቤ ጠርቼ፣ የሸዋዬን ሦስት በቦታዋ ሰቀልኋት።