የእስስቱ ጾም

ዓርብ ዕለት ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር በበቅሎ ከቡሬ ወደ ጎሬ ስንጓዝ፣ ከፊቴ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ ያወራሉ።

"እትዬ፣ ሙዳዩ ውስጥ ምን ይዘዋል?"

"እስስት ነው ጋሼ። ትናንት ልጆች በድንጋይ ሊገድሉት ሲሉ አስጣልኩት። ቤቴም ሰው የለም፤ ጓደኛ ይሆነኛል።"

"እስቲ ይክፈቱት። ጠቁሯል እኮ። ምን አበሉት?"

"የሚበላው ዝንብ ነው። ዝንብ ደግሞ ሥጋ ነው፤ ዛሬ ዓርብ አይደል?"

"እሱም ይጾማል?"

"ቤቴ ከገባ እንደ ቤተሰብ ይኑር ብዬ ነው።"

ሽማግሌው እስስቱን አተኩረው አዩት።

"ዕድሜው ስንት ነው?"

"እኔ ምን አውቄ?"

"ሰባት ዓመት አይሞላውም። ሰባት ያልሞላው ልጅ ደግሞ አይጾምም።"

"እሱስ እውነትዎን ነው" አሉ ሴትዮዋ፤ ድምፃቸው ቀለል አለ።

እኔም ከበቅሎዬ አንገት ላይ ዝንብ መያዝ ጀመርኩ።