አራት ዲስክ የሚይዝ ሣጥን

የሰው ሰርግ የቀረጸ ሰው የማንን አስቀምጦ የማንን እንደሚጥል ለብቻው መወሰኑ በደል ነው፤ ተጽፎ ይቀመጥልኝ። እንዲህ ያለው ሰው ሱዳን ውስጥ ከሾዋክ ወደ ገዳሪፍ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ተቀምጧል፣ አዲስ የገዛውን ስስ የብረት ሣጥን ታቅፎ። አጠገቡ ላለችው ሴት ካርቱም ሳሉ ሰርጓን የቀረጸላት እሱ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ? የዳቦ መጋገሪያ?»

«የሰርቨር ሣጥን ነው፣ እታለም። ቪዲዮዎቹ ያሉባቸው ዲስኮች ይገቡበታል።»

«ስንት ይይዛል?»

«አራት።»

«ያሉህስ?»

«አሥራ ሁለት።»

«ያሰላም! አሥራ ሁለት ልጅ ወልዶ ለአራት ሰው የሚበቃ ቤት የሚሠራ! ትልቅ ሣጥን አልነበረም?»

«ነበረ። ከበደኝ።»

«ወይ ጎበዝ! የቀሩት ስምንቱስ?»

«ካርቶን ውስጥ አልጋ ሥር ናቸው፤ ሙቀቱ እስኪጨርሳቸው።»

«እናቴ ስትመርቀኝ የቀረጽከው የት ነው? ሌላ ምስል የላትም።»

«ካርቶኑ ውስጥ።»

«የነጋዴዎቹ ሰርግ ግን ሣጥኑ ውስጥ ይገባል።»

«እነሱ በየጊዜው ይጠይቁኛል።»

«እናቴ ሞታ ስለማትጠይቅህ ጣልካት በለኛ!»

«ጦርነቱ ሲነሳ ከካርቱም ስንወጣ ትልቅ ሣጥን ነበረኝ፣ የሁለት ሰው ሸክም። በአንድ በኩል ያዙልኝ ብዬ ሰርጉን የቀረጽኩለትን ሁሉ ለመንኩ። ባልሽንም ለምኜዋለሁ፤ ፍራሹን ተሸክሞ አለፈኝ። የቻልኩትን ዲስክ ነቅዬ ነው ያመጣሁት። ከእንግዲህ የምገዛው ብቻዬን ይዤ የምሮጠውን ነው።»

እኔም አጠገቤ የሰው መቀመጫ ይዞ የነበረውን ጥቅሌን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት።